ልምምድ ላይ የምትበር ልጅ ውድድር ላይ ለምን ትቆማለች?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሰልጣኝ ነኝ። 1,500 ሜትር የምትሮጥ የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ልምምድ ላይ የሚደርስባት የለም፤ በእኔ ሰዓት 4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብታለች። ውድድር ሲሆን ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ከማለዳው ጀምሮ ያስመልሳታል፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች፣ ሲተኮስ ፈንድታ ትወጣና ሦስተኛው ዙር ላይ እግሯ ይታሰራል። ባለፈው ጊዜ አቋርጣ ወጣች። አባቷ «ዐይን ነው» ይላሉ። እኔም እውነቱን ለመናገር በሰው ፊት ተቆጥቻታለሁ። ከሰባት ሳምንት በኋላ አሰላ ላይ ውድድር አለን። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦

አሰልጣኝ፣ ስለ ቁጣዎ ሳይደብቁ በመጻፍዎ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ያንን ዘሎ ስለ ልጁ ብቻ ነው የሚነግረኝ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የልጅቷን ሰውነት እንይ።

ሰው ትልቅ ነገር ሲደቀንበት ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ እግርና ክንድ ጡንቻ ይዞራል። ሆድ ይታወካል፤ ማስመለሱና ሽንት ቤት መመላለሱ ከዚያ ይመጣል። እጅ ይቀዘቅዛል፣ አፍ ይደርቃል። ይህ ሁሉ አንደኛ በምትወጣዋም ልጅ ላይ ይደርሳል። አንዷ ግን «ሰውነቴ ተዘጋጀ» ብላ ትወስደዋለች፣ ሌላዋ «ዛሬም አለቀልኝ» ትላለች። ደፋር ልጅ፣ ፈሪ ልጅ የሚባል ነገር የለም፤ ትርጉሙን የሰጣት ማን እንደሆነ ነው ማየት ያለብን።

የሐርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በሰው ፊት ሊዘፍኑ፣ ንግግር ሊያደርጉ ወይም የሒሳብ ፈተና ሊሠሩ ከተዘጋጁ ሰዎች መካከል ስሜታቸውን እንደ ጉጉት እንዲወስዱት የተነገራቸው፣ ተረጋጉ ከተባሉት የተሻለ ሠሩ። የሚመታን ልብ በትእዛዝ ማርጋት ከባድ ነው፤ ስሙን መለወጥ ግን ይቻላል። ስለዚህ በመነሻው መስመር ላይ «ተረጋጊ» እና «አትጨነቂ» የሚሉትን ቃላት ይተዉ። «አትጨነቂ» ሲሏት የምትሰማው «ጭንቀትሽ ፊትሽ ላይ ይታያል» የሚለውን ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት ስለው ኖሬያለሁ፣ ዛሬ ይቆጨኛል። «አይዞሽ» ግን ሌላ ነው። «አይዞሽ» አለሁልሽ ማለት ነው፤ እሱን አይተዉት።

አሁን ወደ ሰዓትዎ እንምጣ። 4 ከ50 የምትገባ ልጅ አንዱን የ400 ሜትር ዙር በ77 ሰከንድ ገደማ ነው የምትዞረው። 1,500 ሜትር ሦስት ዙር ከ300 ሜትር ነው፤ ያንን የመጀመሪያ 300 በ58 ሰከንድ ማለፍ አለባት ማለት ነው። «ፈንድታ ትወጣለች» ብለዋል። ባለፈው ውድድር በስንት አለፈችው? መዝግበው ከሆነ ይመልከቱት። 51 ወይም 52 ቢሆን አይገርመኝም። አድሬናሊን የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ድካም ይሸፍነዋል፤ ልጅቷ ቀስ ብላ የምትሮጥ ይመስላታል። እነዚያን ስድስት ሰባት ሰከንዶች የወሰደችው በብድር ነው፤ አበዳሪው ደግሞ ሦስተኛው ዙር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እግሯ ሲታሰር «ፈራሁ» ትላለች፣ እርስዎም «ፈራች» ይላሉ። እውነቱ አቅሟን ቀድማ መጨረሷ ነው። ስለዚህ ከችግሩ ግማሹ የአሯሯጥ ስልት ነው፣ ይህም የእርስዎ ሙያ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ሸክሙ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ ከ800 ሜትር ማጣሪያ በፊት አንድ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የጫማውን ማሰሪያ ያስራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ያስራል። ሦስተኛው ላይ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ማሰሪያው አልገባ አለው። ጎንበስ ብዬ «ልሰርልህ?» ስለው «ቲቸር፣ ይሄ ጫማ ጊደር ነው እኮ» አለኝ። አባቱ ጊደር ሸጠው ነው የገዙለት። ልጁ 800 ሜትር የሚሮጠው ጊደር አዝሎ ነበር። ያን ቀን ከማጣሪያው ወደቀ። በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ ለአባትየው የሰማሁትን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ልጁን ጠርተው «ጊደሯ ተሽጣለች፤ ጫማው ያንተ ነው። ሮጥክበትም አልሮጥክበትም ያንተ ነው» አሉት። ለልጁ እኔ በወራት ካስተማርኩት ሁሉ ይህ አንድ ንግግር በለጠ።

የእርስዎዋ ልጅ ምን እንደተሸከመች አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር ሳትሸከም አትቀርም። በእኛ አገር ሩጫ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቤት ይሠራል፣ ወንድም ያስተምራል፣ ውጭ አገር ያስወጣል። ሩጫ የጀመረች ልጅ ጎረቤቱ ሁሉ «የኛ ደራርቱ» ይላታል። በፍቅር የሚባል ነው፣ አውቃለሁ። 15 ዓመት ለሞላት ልጅ ግን በእያንዳንዱ ማጣሪያ ላይ የቤተሰቡ ዕጣ የሚጣል ይመስላታል። ትንፋሽ ማስተማር የሚጠቅመው ይህ ሸክም ከቀለለ በኋላ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ሳምንት ለሩጫ ሳይሆን ለወሬ እንዲያውሉት የምጠይቅዎ።

ከልምምድ በኋላ አብራችሁ በእግር ስትመለሱ ጠይቋት። ፊት ለፊት አስቀምጠው አይጠይቋት፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው የበለጠ ይናገራል። «ውድድሩ ጥሩ ባይሆን ምን ይመጣል ብለሽ ታስቢያለሽ?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም አይሙሉላት። ከዚያ ቤቷ ሄደው ቡና ይጠጡ። ለወላጆቿ ስለ ሰዓቷ ሳይሆን ስለ ጠባይዋ ይንገሯቸው፤ አባቷ ልጅቷ ባለችበት አንድ ነገር ብቻ እንዲሉላት ይለምኗቸው፦ «አንደኛ ወጣሽም መጨረሻ ወጣሽ፣ ያን ቀን ማታ እራት አብረን ነው የምንበላው።» በራሳቸው ቃል ይበሉት።

አባትየው «ዐይን ነው» በማለታቸው አይከራከሯቸው። ልብ ብለው ካዩት ለልጃቸው የቆመ ንግግር ነው፦ «ልጄ ሰነፍ አይደለችም፣ የሆነባት ነገር ነው» ማለታቸው ነው። ከቁጣ ይልቅ ለእሷ ክብር የሰጠ ነው። ዱዓ ወይም ጸሎት የሚያደርጉላት ከሆነ ያድርጉላት፣ ለብዙ ልጆች ትልቅ ማረፊያ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይለምኗቸው፤ በውድድሩ ጠዋት ስለ ሰው ዐይን እንዳያነሱባት። ያንን የሰማች ልጅ መም ላይ ቆማ የምታየው ተመልካቹን ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። ዕድሜዋ በወረቀት ላይ ተቀንሶ ከሆነ የምትሮጠው፣ ከእኔ ምክር አንዱም አይሠራም። መታወቂያ ሲጠየቅ የምትደነግጥ ልጅ ተረጋግታ ልትሮጥ አትችልም። ይህን የሚያስተካክሉት ትልልቆቹ ናቸው።

አሁን ስለ ቁጣዎ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞችን ለዓመታት ቁጭ ብለው ታዘቡ፤ ከዚያ አሰልጣኞቹን ጥረትን እንዲያመሰግኑ፣ ስህተት ሲመጣ እንዲያበረታቱና እንዲያርሙ፣ ስድብና ቅጣትን እንዲተዉ አሠለጠኗቸው። በእነዚህ አሰልጣኞች ስር ያሉ ልጆች ጭንቀታቸው ቀነሰ፣ በቀጣዩ ዓመት ስፖርቱን የተዉትም ካልሠለጠኑት አሰልጣኞች ልጆች በጣም ያነሱ ነበሩ። ልጆቹ ላይ ማንም ምንም አልሠራም፤ የተለወጠው የአሰልጣኙ አፍ ነው።

በሰው ፊት ተቆጥተዋታል፤ ስለዚህ ይቅርታውንም ጓደኞቿ ባሉበት ይጠይቋት። ክብርዎ የሚቀንስ አይምሰልዎ። «ባለፈው የተቆጣሁት ጥፋት ነበር፣ ስልቱን ያላስተማርኩሽ እኔ ነኝ» ቢሏት ሐሰት አይሆንም፤ የ300 ሜትሩ ሰዓት ይመሰክራል።

የቀሩትን ስድስት ሳምንታት ውድድሩን ራሱን ያለማምዷት። ልጆቻችን ሩጫ ይለማመዳሉ፣ ውድድር ግን አይለማመዱም። ውድድር ማለት ቁጥር ደረት ላይ መለጠፍ፣ ስም ሲጠራ መስማት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠበቅ ነው። ሰውነት ተፍታትቶ ካለቀ በኋላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅን ማንም አያስተምራቸውም፤ አብዛኛው መርበድበድ የሚፈጠረውም በዚያ ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደ እውነተኛ ውድድር ያድርጉት። ከሌላ ፕሮጀክት ልጆች ይጋብዙ፣ ጎረቤት ተማሪዎች ቆመው ይዩ፣ የማታውቀው ሰው ስሟን ይጥራ፣ ሆነ ብለው መነሻውን አሥር ደቂቃ ያዘግዩባቸው። መጀመሪያ ትርበደበዳለች። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ግን የምታውቀው ነገር ይሆናል። ከአሰላ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ ይተዉት፣ ትረፍ።

ከዚህ ጋር የ300 ሜትር ጨዋታ ይጨምሩ። ሁሉም ልጆች ያለ ሰዓት 300 ሜትር ይሮጣሉ፤ የሚያሸንፈው ፈጣኑ ሳይሆን እርስዎ ለነገሩት ሰዓት የቀረበው ነው። ለእሷ 58 ይበሉ። መጀመሪያ 52 ትመጣለች፣ ጓደኞቿ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። በሁለተኛው ሳምንት 55። ዐይኗን ጨፍና 58ን የምታገኝበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ፍርሃቷ ግማሽ መፍትሔ አግኝቷል። በዚህ ጨዋታ ላይ መቆጠብ ራሱ ድል ይሆንላታል፣ የውድድር ቀንም የምትይዘው ሥራ ታገኛለች። «አሸንፊ» የሚለው ትእዛዝ በእጇ የሌለ ነገር ነው፣ ሌሎቹ ልጆች ይወስኑታል። «300ውን በ58 እለፊ» ግን በእጇ ነው።

ትንፋሹ ቀላል ነው። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠረች ታስገባለች፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠረች ታስወጣለች፣ አሥር ጊዜ። ማስወጣቱ ሲረዝም ልብ ቀስ ይላል። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትለማመደው። ሳይለመድ በውድድር ቀን የተጀመረ ትንፋሽ ራሱ ያስጨንቃል።

ቃል ደግሞ ትያዝ፣ አንድ ወይም ሁለት ብቻ። በቤቷ የምትናገረው ቋንቋ ይሁን። ሰው ሲደነግጥ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ የሚረጋጋውም በዚያው ነው። ቤቷ አፋን ኦሮሞ የሚነገር ከሆነ ለመጀመሪያው 300 «ሱታ» (ቀስ)፣ ሲከብዳት «ጀባዹ» (በርቺ) ትበል። የእኔ ምርጫ ነው፤ እሷ የራሷን ብትመርጥ ይበልጣል።

ሦስተኛው ዙር ላይ እግሯ ሲከብድ ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ማወቅ አለባት፤ እስካሁን የምታውቀው መሮጥ ወይም ማቆም ብቻ ነው። በመሃል ሌላ በር ይክፈቱላት፦ ትከሻዋን ትጣል፣ የጨበጠችውን ጣት ትፍታ፣ ሃያ እርምጃ ቀስ ብላ ትቁጠር፣ ከዚያ ከፊቷ ያለችውን አንዲት ጀርባ ብቻ ትይ። «ካመመሽ ውጪ፤ ከከበደሽ ግን ቀንሰሽ ግቢ፣ በስንትም ብትገቢ አልቆጣም» ብለው ቃል ይግቡላት፣ ቃልዎንም ይጠብቁ። በልምምድ ላይም ሆን ብላ ቀንሳ የምትጨርስበት ቀን ይኑር።

ያቋረጠችውን ውድድር በተመለከተ አንድ ጊዜ አውሯትና ዝጉት። ከፈለጋችሁ የለተሰንበት ግደይን ታሪክ ይንገሯት። በየካቲት 2015 አውስትራሊያ ባተርስት ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና እየመራች ከመጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትር ሲቀራት ወደቀች፤ ሊያነሳት ከውጭ የገባ ሰው ስለነበር ውጤቷ ተሰረዘ። ዓለም ሁሉ ያየው ውድቀት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር ብር አገኘች። በዚያ ቡዳፔስት ውድድር ላይ ደግሞ አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን መጨረሻው ላይ ወድቃ አሥራ አንደኛ ገባች፤ በማግስቱ የ1,500 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ሮጠች፣ ከሻምፒዮናውም በ1,500 ነሐስ፣ በ5,000 ብር ይዛ ተመለሰች። ልጅቷ «እነሱ አይፈሩም» ብላ እንዳታስብ ብቻ ይጠንቀቁ። ፈርተውም ወድቀውም ነው።

አሰላ ላይ የሚጠብቃችሁን አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሯት። ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት፣ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ሰውነት ስታፍታታ ገና ትንፋሽ ያጥራታል። የትንፋሽ ማጠርን እስከዛሬ የምታውቀው ከፍርሃት ጋር ስለሆነ «ጀመረኝ» ትላለች። «እዚያ ስትደርሺ ወደ ጅሬን ዳገት ስንወጣ እንደምትተነፍሺው ነው የምትተነፍሺው፣ ሁሉም ልጅ እንደዚያ ነው» ይበሏት። የመጀመሪያውን 300ም ከ58 ወደ 60 ሰከንድ ያዘግዩላት።

መንገዱ በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በውድድሩ ዋዜማ ሌሊት የሚደርስ አውቶቡስ አይያዙ፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሁሉም ነገር ያስፈራዋል። ጠዋት ላይ ውድድሩ ሦስት ሰዓት ያህል ሲቀረው ቀለል ያለ፣ የለመደችውን ምግብ ትብላ። ቡና ደግሞ ያን ጠዋት ይቅርባት። ጅማ ያደገ ልጅ ቡና ለምዶ ነው የሚያድገው፣ ግን ቀድሞ ለሚመታ ልብ ቡና ሲጨመርበት መንቀጥቀጡ ይብሳል።

ወንድ አሰልጣኞች የማይጠይቁት አንድ ጥያቄም አለ፦ የወር አበባ። ቁምጣው ላይ ይታይብኛል ብላ የምትሰጋ ልጅ ሆዷ ቢታመም አይገርምም። ወንድ ከሆኑ አንዲት ታላቅ ሴት ሯጭ ወይም ሴት መምህርት ትጠይቃት፤ ሞዴስና ጥቁር ቁምጣ ሁልጊዜ በቡድኑ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ሕክምና የሚፈልገውን ደግሞ አይለፉት። ስትሮጥ ደረቷን ከወጋት፣ ራሷን ከሳተች፣ ወይም ልቧ ያለ ልክ ከዘለለ፣ መጀመሪያ ልቧ ይታይ። የደም ማነስም ሦስተኛ ዙር ላይ እግር ያስራል፤ ልምምድ ላይ ጥሩ ስለሆነች አይመስለኝም፣ ግን ምርመራው ቀላል ነው። ማስመለሱ ውድድር በሌለበት ቀንም ከመጣ፣ ምግብ ከተወች፣ ከከሳች፣ እንቅልፍ ካጣች፣ ወይም መኖር እንደሰለቻት ከተናገረች የእኔም የእርስዎም ሥራ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ሳትዘገዩ ይዘዋት ይሂዱ።

በውድድሩ ቀን ጥቂት ይናገሩ። ጠዋት ሲያስመልሳት አጠገቧ ይቁሙ፣ ውሃ ያቀብሏት፣ «ሰውነትሽ እየተዘጋጀ ነው» ይበሏት። መነሻው ላይ «ሱታ»ዋን ያስታውሷት፣ ከዚያ አይጩሁባት። ከገባች በኋላ የመጀመሪያው ቃል የእሷ ይሁን፤ እርስዎ ፎጣውን ይስጧትና ይጠብቁ። ከአሰላ ስትመለሱ የመጀመሪያውን 300 ሜትር ሰዓቷንና ስትገባ የተናገረችውን ይጻፉልኝ፤ የሚቀጥለውን አብረን ከዚያ እንነሳለን።